የግድግዳችን ትኩሳት

ወላድ ትፍረደኝ። ሌላውማ ፈርዶ ጨርሷል፤ አጨብጭቦ፣ ለስላሳውን ጠጥቶ ወደየቤቱ ሄዷል።

እኔ ልብስ አጣቢ ነኝ። የሰፈር ሰው ሸሚዝ የማሽ እንዳይመስላችሁ ደግሞ፤ የሆስፒታል አንሶላ ነው የማጥበው። ደም የነካውን፣ መድኃኒት የፈሰሰበትን፣ ስሙን የማልጠራውን ነገር ሁሉ የጠጣውን። ማጠቡን ማንም ያጥባል፤ ሳሙናና ክንድ ካለ አለቀ። ጣጣው ማድረቁ ነው። ክረምት ገብቶ ሰማዩ ጠዋት ማታ ሲያለቃቅስ፣ የከተማው ልብስ አጣቢ ሁሉ ገመዱን እያየ ሲራገም፣ የእኔ አንሶላ ማታ ተሰቅሎ ጠዋት ከሽ ይላል። ሆስፒታሉ እኔን ይዞ የኖረው ለዚህ ነው እንጂ ለዓይኔ ብሎ አይደለም።

የሚያደርቅልኝ ግድግዳው ነበር። ማድረቂያ ክፍሌ ጠባብና ረጅም ናት፤ የጀርባ ግድግዳዋ የኃይል ማመንጫው የግንብ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ፣ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት፣ የጋዝ ተርባይኑ ጭስ ማውጫ ቆሞ ነበር። ተርባይን ማለት፣ ለማታውቁት፣ ጋዝ የሚያቃጥል ትልቅ ሞተር ነው፤ በትኩሱ አየር ይሽከረከርና መብራት ያመነጫል። ታዲያ ካቃጠለው ጋዝ መብራት የሚሆነው ከግማሽ በታች ነው። የቀረው ምድጃ የሚያስንቅ ጭስ ሆኖ ወደ ሰማይ ይወጣል። ለማንም ሳይሆን! እንግዲህ እኔ ከዚያ ለማንም ካልሆነው ነው ትንሽ ይደርሰኝ የነበረው።

ትንሿም ብትሆን በራሷ እግር አልመጣችም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የማመንጫው ሠራተኛ ነበር። ሥራው ትኩስ ቱቦ መሸፈን ነው፤ መጀመሪያ ሙቀት የሚይዘውን ሱፍ ይጠመጥማል፣ ከዚያ ከላዩ ቆርቆሮ ያለብሳል። «አልባሹ» ነበር የሚሉት። «እኔ ብረት አለብሳለሁ፣ አንቺ ሰው ያወለቀውን ታጥቢያለሽ፤ ሁለታችንም የልብስ ሰዎች ነን» እያለ ይቀልድ ነበር። አንድ ክረምት፣ የሰቀልኩት ሁሉ ሻግቶብኝ ሳለቅስ አየኝና ምንም ሳይለኝ ወጣ። ያን ሰሞን የጭስ ማውጫውን ሽፋን እያደሱ ነበር። በእኛ ግድግዳ በኩል ያለውን ጎን ሱፍ ሳያደርግበት ቆርቆሮ ብቻ አለበሰው። ከውጭ ሲያዩት እንደሌላው ያብለጨልጫል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ተቆጣጣሪው መጣ፣ ብልጭልጩን አየ፣ «ጎበዝ» ብሎ ሄደ።

«እስቲ እጅሽን ግድግዳው ላይ አድርጊው» አለኝ ሲመጣ። አደረግኩት። ለብ ብሏል። ሌላው ለሚስቱ ወርቅ ያጠልቅላታል፤ የእኔው ባል ግድግዳ አሞቀልኝ። ምን ወርቅ አለና!

ልጃችን እዚያ አንሶላ ክምር ላይ እየተንከባለለ ነው ያደገው። አንዱ ነው፤ ሌላ የለኝም። «አባዬ፣ ግድግዳችን ለምን ይሞቃል?» ይለዋል። አባቱ ኮስተር ብሎ «ጎረቤታችን ትኩሳት አለበት» ይለዋል። ልጁም አምኖ በትንሽ መዳፉ ግድግዳውን እየዳበሰ «አይዞህ፣ ይሻልሃል» ይላል። እኔና አባቱ ፊታችንን አዙረን በሳቅ እንሞታለን።

ከዚያ አባቱ ቀድሞን ሄደ። እኔ ያን ልጅ በዚያ ግድግዳ አሳደግኩት፣ በዚያ ግድግዳ አስተማርኩት። ጉልበቴን ጨርሼ፣ እጄ በሳሙና ተልጦ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ወጣ። ኢንጂነር! ሰፈርተኛው «ኢንጂነሩ» ብሎ ስሙን አስረሳው። እኔም አፌ ላይ ስለሚጥመኝ «ኢንጂነሩ፣ ምሳ በላህ?» እለው ነበር።

ሌላ ቦታ ሲሠራ ቆይቶ እዚሁ ጎረቤታችን ማመንጫው ውስጥ ተመደበ። የመጣውም ለትልቅ ሥራ ነው፤ በጭስ ማውጫው የሚባክነውን ሙቀት መልሶ ለመያዝ። እራት ላይ ተቀምጦ በእጁ እየሣለ አስረዳኝ። ጭሱ ወደ ሰማይ ከመውጣቱ በፊት ወደ ጎን ይታጠፍና አንድ ትልቅ ቦይለር ውስጥ ያልፋል። ቦይለሩ ውስጥ ውኃ የሞላባቸው ቱቦዎች ተደርድረዋል። ጭሱ በመሃላቸው ሲያልፍ ውኃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ደግሞ ሌላ ተርባይን ያዞራል።

«ሌላ ጋዝ ሳንጨምር እኮ ነው እማ! ያው አንድ እሳት ሁለት ጊዜ ይሠራል» አለኝ። ዓይኑ ሲያበራ አባቱን ቁርጥ።

«እሰይ የኔ ልጅ! እደግ!» አልኩት። እልል ማለትም ሳይቃጣኝ አልቀረም። ሞኝ!

አንድ ከሰዓት በኋላ ማድረቂያ ክፍሌ ውስጥ አንሶላ ስናጥፍ መጣ። አብራኝ የነበረችው «ሳሙና» የምንላት ሠራተኛዬ ናት፤ ሥራ ሲበዛ ከእጅ ስለምታዳልጥ ነው ስሟ። ኢንጂነሩ አንገቱ ላይ ሙቀት የሚያሳይ ካሜራ አንጠልጥሏል። ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ጭስ ማውጫውን ሲያነሣ ውሎ የሆነ ነገር አላስችል ብሎት ነው የመጣው።

«እማ፣ ነይ እስቲ ይሄን እዪ።» የካሜራው መስታወት ላይ ጭስ ማውጫው ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ነው፤ በአንድ ጎኑ ብቻ ቀይ ሆኗል፤ እንደ ቁስል። «ሰማያዊው ደህና የተሸፈነው ነው። ቀዩ ጋ ሱፍ የለም። ቆርቆሮ አልብሰው ሱፉን ረስተውታል! ይሄን የሚያህል ሙቀት ስንት ዓመት ሙሉ! የትኛው ግዴለሽ ነው?»

ሳሙና ነገሩን ታውቃለች፤ ባልዲዋን አንሥታ ሹልክ አለች። እኔ የያዝኩትን አንሶላ አጥፌ ጨረስኩ።

«አልተረሳም» አልኩት። «አባትህ ነው።»

«አባዬ? ሆነ ብሎ?»

«ሆነ ብሎ። ክረምት ላይ አልቅሼበት።»

ካሜራውን አስቀመጠና የልብስ ቅርጫት ላይ ቁጭ አለ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረ። ተነሥቶ ጉንጩን ግድግዳው ላይ ለጠፈ፤ ጢም ያወጣ ሰውዬ እኮ ነው! ያን ቀን አንጀቴን በላው። ይሄ ልጅ የእኔ ነው፣ የእሱ ነው፣ አልኩ በሆዴ።

ቀና ሲል ፊቱ ሌላ ሆነ። «እማ፣ ይሄ ጭስ ማውጫ ይነሣል።»

«ይነሣል ማለት?»

«ጭሱ ከዚህ አይወጣም። ወደ ቦይለሩ የሚሄድበት መንገድ ደግሞ ዙሪያውን ይሸፈናል። በደንብ።»

«እኔስ?»

መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። የሆስፒታሉ አንሶላ ከጎናችን ከሽ ከሽ ይላል። ከዚያ ድንገት እጄን ያዘኝ። «ከጭራው እሰጥሻለሁ!» አለ። ጭሱ ቦይለሩን አልፎ ሲወጣ እንፋሎት ለማፍላት የማይበቃ ሙቀት ይተርፈዋል፤ ማንም አይፈልገውም። በእሱ የሞቀ ውኃ በአንድ ቀጭን ቱቦ አጥሩን አልፎ፣ የእኔን ክፍል ግድግዳ ዞሮ፣ ተመልሶ ይገባል። «ከአሁኑ ይበልጥ ነው የሚሞቅልሽ። የአባዬ በጓሮ የገባ ነው፣ የእኔ በፊት በር ይገባል።»

«ማል» አልኩት።

«ካላደረግኩት የአባዬ አጥንት ይፋረደኝ!»

አመንኩት። የወለድኩትን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው?

ሥራው ተጀመረ። ተርባይኑ ቆመ፣ ጭስ ማውጫው ተቆራርጦ ወረደ። በጋ ስለነበር ግድም አልሰጠኝ፤ ፀሐይዋ ታደርቅልኛለች። ከአጥሩ ወዲያ ቦይለሩ እንደ ሕንፃ ከፍ እያለ ሲመጣ፣ ደንበኞቼን በኩራት አሳያቸው ነበር። «የልጄ ሥራ ነው» እላለሁ። ሳሙና ተሰላችታ «እትዬ፣ ልጅሽ እኮ ብቻውን አይደለም የሚሠራው» ስትለኝ «አንቺ ደግሞ ምቀኛ!» እላታለሁ።

ነገሩን የነገረኝ በያጁ ነው። የባለቤቴ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ ማመንጫው ውስጥ ቱቦ ይበይዳል። አንድ ቀን የሥራ ልብሱን ሊያሳጥብ መጣና አልቀመጥም አለ። ልብሱን ሰጥቶኝም አይሄድም። ቆቡን በእጁ ያዞራል።

«ምን ሆነሃል? ተናገር እንጂ» አልኩት።

«እትዬ፣ ያ የእናንተ ቱቦ… ቆርጠን አዘጋጅተነው ነበር እኮ። ቀረ።»

«ማን አስቀረው?»

ግድ ብዬ አናገርኩት። ቱቦዎቹ በየት በየት እንደሚያልፉ ሊጠይቁት በያጁንም ልጄ ያለበት ስብሰባ ጠርተውት ኖሯል። ሥራ አስኪያጁ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት በቅርብ የመጣ ሰው ነው፣ በጣቱ ንድፉን ሲከተል ሲከተል እዚያች ቀጭን መስመር ላይ ደረሰና «ይቺ አጥር አልፋ ወዴት ነው የምትሄደው?» ብሎ ጠየቀ።

«ልጅሽ አያት አያትና…» አለ በያጁ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «"ስህተት ናት" አለ። በገዛ እስክሪብቶው ሰረዛት።»

«ሰውየው አስፈራርቶት ነው?»

«ኧረ የለም እትዬ! ወዴት ነው አለ እንጂ አጥፋት መች አለ? እንደውም "ትሂድ፣ ምክንያት ካላት" ሊል የነበረ ነው የመሰለኝ። እኔም አፌ ድረስ መጥቶብኝ ነበር። ግን እሱ እያለ እኔ ምን በወጣኝ ልናገር?»

የሥራ ልብሱን ተቀበልኩትና ውኃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። እሱ ከወጣ በኋላ ባልዲውን በእግሬ ጠለዝኩት፤ ወለሉ ሁሉ ጎርፍ ሆነ፤ እኔው መልሼ ጠረግኩት።

ኢንጂነሩ ሲመጣ እራቱን አቅርቤ ከፊቱ ተቀመጥኩ። አንድ ሁለቴ ጎረሰ።

«ስህተት ነኝ እንዴ?» አልኩት።

ወዲያው ገባው። አልካደም፤ እሱን እንኳ እውነቱን ልናገር። እጁን ታጠበና ያወራ ጀመር። «እማ፣ ለማን ነው ቢሉኝ ምን ልል ነው? ለእናቴ? መንግሥት የመደበውን ሥራ ለእናቱ ጎጆ ማሞቂያ አደረገው ይሉኛል። እዚያ ስንት ዓይን እንዳለብኝ አታውቂም። ደግሞ ለምን አጥር አለፈ ብለው ነገሩን ወደ ኋላ ከጎተቱት የአባዬ ቆርቆሮ ይወጣል። አልባሹ ሙቀት ሲሰርቅ ኖረ ይባላል። የእሱን ስም ልጠብቅ ብዬ ነው።»

«የሚጣል ነገር ይሰረቃል እንዴ?»

«አሁን አይጣልማ!»

ይኸውላችሁ። ስንት ዓመት ወደ ሰማይ ሲወጣ ባለቤት ያልነበረው ሙቀት፣ እኔን ሲነካኝ ባለቤት ተገኘለት። ደግሞ እኔ ቦይለሩ ይቅር አላልኩም። ደንቆሮ አይደለሁም፤ መብራት ሲጠፋ ሆስፒታሉ ውስጥ ምን እንደሚሆን አንሶላው ይነግረኛል። ጭራውን ነው ያልኩት። ማንም የማይፈልገውን፣ ራሱ የማለልኝን።

«የኤሌክትሪክ ማድረቂያ እገዛልሻለሁ» አለኝ፣ ያረጋጋኝ መስሎት።

«በምንድን ነው የሚሠራው?»

«በመብራት ነዋ።»

«መብራቱ ከየት ይመጣል?»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። «የግድግዳዬን ሙቀት ወስደህ፣ መብራት አድርገህ፣ በቆጣሪ መልሰህ ልትሸጥልኝ? ሞኝህን ፈልግ! ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው እንዴ የመጣኸው? አባትህ ለእኔ ብሎ የሰው ዓይን አልፈራም፤ አንተ የሰው ዓይን ፈርተህ እኔን ሰረዝከኝ!»

«እማ፣ በቀስታ፣ ጎረቤት ይሰማል» አለኝ። ያችን ስሰማ ነው ተስፋዬ ቁርጥ ያለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆንን። የማመንጫው ሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ ክፍል ተሰጠው፤ ልብሱን ሰብስቦ ሄደ።

ክረምቱ ሲገባ ተርባይኑ እንደገና ሥራ ጀመረ፣ ጭሱ ወደ ቦይለሩ ታጠፈ። ድምፁን ሰማሁና ከልማዴ ግድግዳው ላይ መዳፌን አሳረፍኩ። ጠበቅኩ። ሌላም ቦታ ሞከርኩ። ቀዝቃዛ ግንብ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ጎረቤቱ ዳነ መሰለኝ።

አንሶላው አልደርቅ አለ። በማግስቱም አልደርቅ አለ። ከሰል አቀጣጠልን፤ ጭሱ ነጩን አጠለሸው። በካውያ እየተኮስን ልናደርቅ ሞከርን፤ ክንዳችን ሊገነጠል ደረሰ፣ ሩቡን እንኳ አላዳረስንም። እርጥቡን አጣጥፌ ወሰድኩ፤ ምን ላድርግ? የሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ኃላፊ ደግ ሴት ናት። አንሶላውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እትዬ፣ ከቀዶ ጥገና የወጣ ሰው እርጥብ ላይ አላስተኛም» አለችኝ።

እውነቷን ነው! እኔም ብሆን አላስተኛም። ጥቂት ጊዜ ታገሠችኝ፤ ከዚያ ሥራውን ማሽን ላለው ለሌላ ሰው ሰጠችው። ሴቶቹን ሁሉ አሰናበትኩ። ሳሙና ስንት ዓመት ከሥራ ስታዳልጥ ኖራ፣ ሂጂ ስላት አልሄድም ብላ ደጄ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የምሰጣት ሥራ አልነበረኝም። ጉሮሯችን እንዲህ ተዘጋ፤ የዘጋውም የእኔው ልጅ ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ፣ የቦይለሩ ምረቃ ሰሞን የማመንጫው ሹፌር የጠረጴዛ ልብስ ጭኖ ደጄ ቆመ። ነጭ፣ ረጃጅም፣ ከመጋዘን የወጣ፣ አቧራና የአይጥ ሽታ ያለው። ለበዓላቸው ሁልጊዜ የማጥብላቸው እኔ ነበርኩና ማንም ሳያስብበት ወደ እኔው ላከው። ልመልሰው አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ።

አጠብኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ነጭ አድርጌ ያጠብኩት ልብስ የለም። ማድረቁን ግን ተውኩት። ለተሰበረ ሥራዬ በቀል አይደለም፤ ወይም በቀል ብቻ አይደለም። አንድ ሰው፣ ማንም ይሁን፣ «ይሄ ለምን እርጥብ ሆነ?» ብሎ በሰው ፊት እንዲጠይቅ ፈለግኩ። ልጄም በሰው ፊት እንዲመልስ። «የእናቴ ማድረቂያ ስለበረደ ነው» ቢል፣ አንዲቷን ቃል ብቻ ቢል፣ ሆስፒታሉም ይቅር፣ ግድግዳውም ይቅር፣ ሁሉንም ምሬው ነበር። ዛሬም ስናገር አላፍርም፤ ምኞቴ ይኸው ነበር።

የምረቃው ጠዋት ዝናቡ ማመንጫው ግቢ ውስጥ የተተከለውን ድንኳን ይደበድበዋል። ወንበሮቹ ከተደረደሩ በኋላ ገብቼ እርጥቡን በየጠረጴዛው አነጠፍኩት። በነጭነቱ ዓይን ይወጋል፤ ሳይነኩት ማን ያውቃል? ከዚያ ከምግብ አቅራቢዎቹ ጋር ከኋላ ቆምኩ። በያጁና የድሮ ሠራተኞች ወደ ጎን ቆመዋል። ልጄን እግሬ ሥር ሲድህ ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

ኢንጂነሩ ንግግር አደረገ። ሱፍ ለብሷል፤ ያምርበታል፤ ምን ላድርግ፣ ያምርበታል። «ከዛሬ ጀምሮ» አለ፣ «ከዚህ ማመንጫ አንዲት ቅንጣት ሙቀት እንኳ በከንቱ አትባክንም።» ተጨበጨበለት። እኔም እጄ ሊነሣ ብሎ ነበር፤ የእናት ነገር።

እንግዶቹ ወደ ጠረጴዛው ተቀመጡ። ወዲያው ከፊት ያለች እመቤት ክንዷን ወደ ላይ መነጨቀች። «ውይ! ውኃ ነው እንዴ?» ቀጥሎ አንዱ ባለሥልጣን እጅጌውን አነሣ። ቀጥሎ ሌላው። ድንኳኑ ሁሉ ክንዱን እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍ አድርጎ ተያየ። የሆነ ቦታ ሳቅ ተሰማ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ዳሰሰና ዞሮ «ይሄን ያዘጋጀው ማነው? ለምን እርጥብ ሆነ?» አለ። በቁጣ አይደለም፤ ግራ ገብቶት ነው።

ወደፊት ወጣሁ። «እኔ ነኝ ጌታዬ። የማደርቅበት ክፍል ስለበረደ ነው። ለምን እንደበረደ ግን እሱ ያውቃል፤ እሱን ይጠይቁት።» በእጄ አመለከትኩት።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ልጄ ዞረ። «ታውቃታለህ?»

ልጄ አየኝ። በደንብ አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሊለው ነው ብዬ ጠበቅኩ። እንግዶቹ ሁሉ ያያሉ፤ ካሜራ የያዘውም ወደ እሱ ዞሯል።

«ከአጥሩ ጀርባ ያለችው ልብስ አጣቢ ናት» አለ። «ግድ የለም፣ እኔ አነጋግራታለሁ።»

በያጁ ፊቱን አዞረ። ከድሮዎቹ ሠራተኞች አንዱ «ኧረ በሕግ!» ሲል ሰማሁት፣ ቀስ ብሎ። ሥራ አስኪያጁ «እሺ እናቴ፣ አይዞሽ፣ ምንም አይደለም» አለኝ። እናቴ ያለኝ የሰው ልጅ ነው! የማያውቀኝ፣ ያልወለድኩት!

ልጄ ክንዴን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወሰደኝ። ዝናቡ በሁለታችንም ላይ ይወርዳል። «እማ፣ ምን ነካሽ? ዛሬን እንኳ ብትተዪኝ ምን ነበረበት? አሁን እዚያ ምን ልበላቸው?» ክንዴን ቀስ አድርጌ ከእጁ አወጣሁ።

«ይቅርታ ጌታዬ» አልኩት። «ሰው ተሳስቼ ነው። ልጄ መስለውኝ።»

ጥዬው ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ መጣ። ደጄን ሲያንኳኳ እከፍትለታለሁ፤ በሬን በማንም ላይ ዘግቼ አላውቅም። «ይግቡ ጌታዬ፣ የሚታጠብ ይዘው ነው?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ቀጥሎ ተቆጣ። ቀጥሎ «አፈር ስሆን እማ፣ አንተ በይኝ፣ ስደቢኝ፣ ብቻ እንዲህ አትበይኝ» ብሎ ጉልበቴ ሥር ወደቀ። «ይነሡ እንጂ፣ ሱሪዎ ይቆሽሻል» አልኩት። ስለው እኔም ውስጤ ቅጥል ይላል፤ ግን አፌ ሌላ አልወጣው አለ።

ባለፈው እሁድ በያጁን አስከትሎ መጣ። ያቺን ተቆርጣ የቀረችውን ቱቦ ይዘዋል። በያጁ ታሪኩን ሁሉ ለሥራ አስኪያጁ ነግሮት፣ ሰውየው አዝኖ፣ «ታዲያ እናቴ ናት ብሎ ቢነግረኝ ምን ነበረበት? በዚያኑ ቀን እፈቅድ ነበር» ብሏል። የአልባሹንም ቆርቆሮ ሰምቶ ስቋል አሉ። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ የከለከለን ሰው አልነበረም። ልጄ የፈራው ሰው ጭራሽ አልነበረም።

«ዛሬውኑ እንገጥመዋለን እማ» አለኝ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ፣ ቱቦውን ታቅፎ። «ክፍሉ ይሞቃል። ሆስፒታሉንም እኔ ራሴ ሄጄ አናግራለሁ። እናቴ ናት እላቸዋለሁ።»

«አሁን ነው የሚሉት?» አልኩት። «እዚህ፣ ማንም በሌለበት?»

በያጁ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ልጄ ቱቦውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«የሚታጠብ ከሌለዎት እንግዲህ በሩን ልዝጋው ጌታዬ፤ ዝናቡ ወደ ውስጥ እየገባብኝ ነው።»

ዘጋሁት። ከዚያ እዚያው በሩ ሥር ቁጭ ብዬ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። ከበሩ ወዲያ እሱም ሲያለቅስ ይሰማኛል፤ በትንሽነቱ እንደሚያለቅሰው፣ ሳግ እያቋረጠው። እጄ ሁለቴ መቀርቀሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ። አልከፈትኩለትም።